የበጎ ፈቃዱን ዋጋ ማን ይከፍላል?

ሜሪላንድ ውስጥ ያለችው ታኮማ ፓርክ ትንሽ ከተማ ናት፤ የገበሬ ገበያ ግን ሁለት አላት። አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ እሁድ እሁድ በአሮጌው የከተማዋ ክፍል ይቆማል። ክሮስሮድስ የሚባለው ሁለተኛው ደግሞ በ2007 ተከፍቶ ረቡዕ ረቡዕ በላንግሊ ፓርክ ጫፍ ይውላል፤ ሠፈሩ ከመካከለኛው አሜሪካ፣ ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡ ስደተኞች በብዛት የሚኖሩበት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሐበሻ ሁለቱም ቅርብ ናቸው። አንዲት ትንሽ ከተማ ሁለት ገበያ ለምን አስፈለጋት? የእሁዱ ገበያ ጥሩ ቲማቲም አጥቶ ነው? እንደዚያ አይመስለኝም። ሁለተኛው ገበያ ከሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ወደ መጀመሪያው የማይመጣው ሰው ማን ነው የሚል። ቀኑም፣ ቦታውም፣ የአከፋፈሉ ሥርዓትም ከዚያ ጥያቄ ተወለዱ። በፉድ ስታምፕ፣ ማለትም መንግሥት አቅም ለሌላቸው በሚሰጠው የምግብ ድጎማ ካርድ፣ ለሚገዛ ሰው ባወጣው ገንዘብ ላይ ተጨማሪ መግዣ በመስጠት ክሮስሮድስ በአገሪቱ ካሉት ገበያዎች ከቀዳሚዎቹ አንዱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የገበሬ ገበያ በመላው አሜሪካ ተስፋፍቷል። የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር በ1994 በመዝገቡ 1,755 ገበያዎች ነበሩት፤ በ2013 ቁጥሩ 8,144 ደረሰ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ትርፍ የማይከፋፈሉ፣ በሠፈር ሰው በጎ ፈቃድ የሚመሩ ማኅበራት ናቸው። ጥቂት ጎረቤቶች ይሰበሰባሉ፣ ቦርድ ይመርጣሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከትምህርት ቤት የመኪና ማቆሚያ ይለምናሉ፣ ከገበሬ ጋር ይነጋገራሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ። ይህን የሚያደርጉትን ሰዎች ከልቤ አከብራቸዋለሁ። ሠፈራቸው ትኩስ አትክልት እንዲበላ ቅዳሜያቸውን የሚሰጡ ሰዎች ናቸውና፣ ጥያቄዎቼን የማቀርበው ድካማቸው መና እንዳይቀር ነው።

መጀመሪያ ለቦርዱ፦ መተዳደሪያ ደንባችሁ ገበያው ለማን ጥቅም ተቋቋመ ይላል? የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ ከግብር ነጻ የሚያደርጋቸውን ማኅበራት የሚለየው በዓላማቸው ነው። 501ሲ3 የሚባለው ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ በጎ አድራጎት ነው፤ 501ሲ5 የሠራተኞችና የእርሻ ማኅበራት መደብ ነው፤ 501ሲ6 ደግሞ የነጋዴዎች ማኅበራት የሚገቡበት ነው። ለጋሹ የሰጠው ገንዘብ ከግብሩ የሚቀነስለት በመጀመሪያው በኩል ሲሰጥ ስለሆነ ብዙ አስተባባሪዎች እርሱን ይፈልጋሉ። ነገር ግን ገበሬው ምርቱን እንዲሸጥ መርዳት ብቻውን በጎ አድራጎት አያሰኝም፤ ከሻጩ የግል ጥቅም ያለፈ የሕዝብ ጥቅም መታየት አለበት። ታዲያ በማመልከቻችሁ ላይ ዓላማችን አቅም ለሌላቸው ጤናማ ምግብ ማድረስ ነው ብላችሁ ከሆነ፣ ባለፈው ወር በፉድ ስታምፕ የገዛው ሰው ስንት ነበር? ቁጥሩን የሚይዝ አለ? ቦርዱስ ስለ ሙዚቃው፣ ስለ ባነሩ ቀለምና ስለ ልጆች መጫወቻው ሲነጋገር፣ በዚህ ቁጥር ላይ ተነጋግሮ ያውቃል?

ደግሞስ የገበሬው ጥቅም ከበላተኛው ጥቅም ጋር ሲጋጭ ማን ይፈርዳል? ገበሬው ለቲማቲሙ ጥሩ ዋጋ ይፈልጋል፤ ደሞዙ ትንሽ የሆነ ቤተሰብ ርካሽ ይፈልጋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ገበያው ለሁለቱም ነው ብሎ በደንብ ላይ መጻፍ ግጭቱን አያጠፋውም፤ ልዩነቱን የሚሞላ ገንዘብ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ክሮስሮድስና እርሱን የመሰሉት ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ገበሬው ዋጋውን ሳይቀንስ ገዢው የሚገዛበትን አቅም ጨመሩለት። ለዚህ ግን ለጋሽ ማፈላለግ፣ ሪፖርት መጻፍ፣ ሒሳብ መዝጋት ያስፈልጋል። ያንን ሥራ የሚሠራው ማን ነው?

ዋናው ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ገበያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት የሚውል ነገር ይመስላል፤ ሥራው ግን የሳምንት ነው። የገበሬዎችን ማመልከቻ የሚያነብ፣ እያንዳንዱ ሻጭ ኢንሹራንስ እንዳለው የሚያረጋግጥ፣ ከጤና ቢሮ ፈቃድ የሚያወጣ፣ ሁለት የእንቁላል ሻጮች ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ ነፋስ ድንኳን እንዳያነሣ ማሠሪያውን የሚፈትሽ፣ መንገድ ለመዝጋት ከፖሊስ ጋር የሚነጋገር፣ ዝናብ ሲመጣ ገበያው ይዋል አይዋል የሚወስን ሰው አለ። ያ ሰው ደሞዝ አለው? ከሌለው ስንት ዓመት ይቆያል ብላችሁ ታስባላችሁ?

የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋሪ ስቲቨንሰን፣ ላሪ ሌቭና ሊንዳ ብሩወር ይህን ነገር መርምረውታል። ከ1998 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ኦሪገን ውስጥ 62 አዳዲስ ገበያዎች ተከፈቱ፤ በዚያው ጊዜ 32 ተዘጉ። ተመራማሪዎቹ ለመዘጋት ያጋልጣሉ ያሏቸው ነገሮች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው፦ የገበያው ትንሽነት፣ የሻጭና የምርት እጥረት፣ ለአስተዳደር የሚውል ገቢ ማነስ፣ አስተባባሪው ያለ ክፍያ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚሠራ መሆኑ፣ እና የአስተባባሪ ቶሎ ቶሎ መለዋወጥ። እንግዲህ በየሠፈሩ የሚኮራበት ነገር፣ "እኛ ጋ ሁሉም በነጻ ነው የሚሠራው" የሚባለው፣ በጥናቱ ውስጥ ከመዝጊያ ምክንያቶች ጋር ተሰልፎ ተገኝቷል። ይህ ጥናት ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ዛሬም አዲስ ገበያ የሚያቅዱ ሰዎች በበጀታቸው ላይ የአስተባባሪውን ደሞዝ ባዶ የሚተዉት ለምንድን ነው?

መልሱን እገምታለሁ። ክፍያ ከተጀመረ መንፈሱ ይበላሻል ብለው ይፈራሉ። እኛ ሐበሾች ግን ይህን ፍርሃት ከቤታችን በምናውቀው ልንፈትነው እንችላለን። እድር የበጎ ፈቃድ ማኅበር አይደለም እንዴ? ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ በነጻ ያገለግላሉ። ሆኖም በየሠፈሩ እየዞረ የሚለፍፈው ጥሩምባ ነፊ ይከፈለዋል፤ የእድሩን ዕቃ የሚጠብቀውም ይከፈለዋል። በዚህ ምክንያት መንፈሱ የተበላሸ እድር ማን አይቷል? ደቦም ቢሆን የአንድ ቀን ወይም የሁለት ቀን ጉልበት ነው፤ ባለ ማሳው ያበላል፣ ያጠጣል፣ በተራውም ሄዶ ይሠራል። ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ለአንድ ሰው በደቦ ይታረስለት ያለ መንደር የለም። አባቶቻችን መተባበርን ከቋሚ ሥራ ለይተው ያውቁ ነበር። የገበሬ ገበያ አስተባባሪነት ከየትኛው ወገን ነው?

ሰው ሲለዋወጥ የሚጠፋው ምን እንደሆነ የሚያስበው ሰው ትንሽ ነው። በየዓመቱ ለአይአርኤስ መቅረብ ያለበት መረጃ አለ። የዓመት ገቢው በመደበኛነት ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበር የሚልከው በኢንተርኔት የሚሞላ አጭር ቅጽ ነው፤ ደቂቃዎች ይበቁታል። ግን ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልተላከ ከግብር ነጻነቱ በራሱ ይሰረዛል። ይህ ሕግ ከወጣ በኋላ አይአርኤስ በ2011 ባወጣው የመጀመሪያ ዝርዝር ወደ 275,000 የሚጠጉ ድርጅቶች መብታቸውን እንዳጡ አስታውቋል። ብዙዎቹ ቀድሞውኑ ሥራ ያቆሙ ነበሩ፤ ሌሎቹ ግን ጸሐፊያቸው የለቀቀባቸው፣ ደብዳቤው በድሮ አድራሻ የሚሄድባቸው ትናንሽ ማኅበራት እንደሚሆኑ መገመት አያስቸግርም። የእናንተን ቅጽ ባለፈው ዓመት የላከው ማን ነው? የኢሜሉ ይለፍ ቃልስ በማን እጅ ነው?

በዚያ አጭር ቅጽ ላይ የወጪ ዝርዝር የለም። ስለዚህ ገበሬው የከፈለው የቦታ ኪራይ ምን ላይ እንደዋለ ሕዝብ ከመንግሥት መዝገብ ሊያገኘው አይችልም። ሕጉ ካላስገደዳችሁ፣ ሒሳባችሁን በገዛ ፈቃዳችሁ ለሻጮቻችሁ ለምን አታሳዩም?

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ፉድ ስታምፕ ቀድሞ ወረቀት ነበር፤ ገበሬው ተቀብሎ ባንክ ይወስደው ነበር። በኋላ አገሪቱ በሙሉ ኢቢቲ ወደሚባለው የኤሌክትሮኒክ ካርድ ተሸጋገረች፤ ሽግግሩ በ2004 ተጠናቀቀ። ለሱፐር ማርኬት ይህ ቀላል ነበር። መብራትና የስልክ መስመር በሌለበት ሜዳ ላይ ለቆመ ገበሬ ግን በሩ የተዘጋበት ያህል ነበር። ብዙ ገበያዎች ያገኙት መፍትሔ ብልኅነት ያለበት ነው፦ አንድ ማሽን በገበያው አስተባባሪ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ገዢው ካርዱን እዚያ ያሳልፍና የእንጨት ሳንቲም ይቀበላል፤ በሳንቲሙ ከገበሬው ይገዛል፤ ገበሬው ሳንቲሙን ለገበያው መልሶ ገንዘቡን በኋላ ያገኛል።

ነገር ግን በዚህ መንገድ ገበያው የሰው ገንዘብ ያዥ ሆነ። የእንጨት ሳንቲሙን ቆጥሮ የሚረከበው ማን ነው? አንድ ሰው ብቻውን ይቆጥራል ወይስ ሁለት? ለገበሬው የሚከፈለው በሳምንት ነው በወር? ሒሳቡን የሚጽፈው በጎ ፈቃደኛ ሲታመም የሚተካው ማን ነው? ገበሬው ለማዳበሪያና ለነዳጅ የሚከፍለውን ገንዘብ አንድ ወር ሙሉ ያለ ወለድ ለማኅበራችሁ እያበደረ እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

በ2018 በጋ ላይ የሆነው ነገር የዚህን ሥርዓት ስስነት አሳይቷል። ኖቮ ዲያ ግሩፕ የተባለ፣ ለገበሬ ገበያዎች የፉድ ስታምፕ ክፍያ የሚያሠራ ሶፍትዌር የነበረው ኩባንያ ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ወደ 1,700 የሚደርሱ ገበያዎችና ገበሬዎች በእርሱ ነበር የሚሠሩት። ዜናው የመጣው በመኸሩ መካከል ነው። ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ያለው ገበያ ስልክ ይደውላል፣ አማራጭ ይፈልጋል፣ ውል ይፈርማል። ሁሉም ሰው ከሥራ በኋላ በምሽት የሚሠራበት ገበያስ ምን ያደርጋል? እስኪስተካከል ድረስ በካርድ የሚገዛው ቤተሰብ ባዶ እጁን ይመለሳል። አንዴ ባዶ እጁን የተመለሰ ደግሞ ዳግም ለመምጣቱ ዋስትና የለም።

ቁጥጥርስ? የገበሬ ገበያ የሚሸጠው እምነት ነው፤ ይህን ያመረትኩት እኔ ነኝ የሚለውን ቃል። በ2010 የሎስ አንጀለስ ቴሌቪዥን ጣቢያ ጋዜጠኞች ተከታትለው ከጅምላ መጋዘን የገዙትን እንደራሳቸው ምርት የሚሸጡ ሰዎችን አጋለጡ። ካሊፎርኒያ ከጊዜ በኋላ በ2014 ሕግ አውጥታ በእያንዳንዱ ሻጭ ለእያንዳንዱ የገበያ ቀን የሚከፈለውን ክፍያ ወደ 2 ዶላር ከፍ አደረገች፤ ገንዘቡ ተቆጣጣሪ እንዲቀጠርበት ነው። ግዛቲቱ የተረዳችው፣ እርሻ ድረስ ሄዶ ማሳ ማየት ጊዜና ነዳጅ እንደሚፈልግ ነው። እናንተ የሻጮቻችሁን እርሻ በዓይናችሁ ያያችሁት መቼ ነው? ካላያችሁስ፣ ባነሩ ላይ "ከአምራቹ በቀጥታ" ብላችሁ የጻፋችሁት በማን ምስክርነት ነው? ታማኙ ገበሬ ከመጋዘን ካመጣው ሰው ጎን ቆሞ በዋጋ ሲሸነፍ የሚካሰው ማን ነው?

ሌላው ሁሉ ቢቀር የሰው ሕይወት አለ። ሐምሌ 2003 ሳንታ ሞኒካ ውስጥ አንድ የ86 ዓመት ሽማግሌ መኪናቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው በተዘጋው መንገድ ላይ በቆመ የገበሬ ገበያ ውስጥ ነዱት። 10 ሰዎች ሞቱ፣ ከ60 በላይ ቆሰሉ። የፌደራል የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ ጉዳቱን ካከበዱት ነገሮች አንዱ እግረኞችን ከመኪና የሚከላከል ጠንካራ መከላከያ አለመኖሩ እንደሆነ ደመደመ። ያ ገበያ በከተማ አስተዳደር የሚመራ ነበር፤ ደሞዝተኛ ሠራተኞችና ካዝና ነበሩት። የእናንተን መንገድ የሚዘጋው ምንድን ነው? የፕላስቲክ ቆንና ሁለት የእንጨት መቆሚያ? የ1997ቱ የፌደራል የበጎ ፈቃደኞች ጥበቃ ሕግ በነጻ የሚያገለግለውን ሰው በተራ ቸልተኝነት በግሉ እንዳይጠየቅ ይከላከልለታል፤ ማኅበሩን ግን አይከላከልም፤ ከባድ ቸልተኝነትንም አይሸፍንም። ኢንሹራንሳችሁን አንብባችሁታል? ወይስ ርካሹን መርጣችሁ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ አስቀመጣችሁት?

አሁን ልቤ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወደቆየው ጥያቄ ልሻገር። በነጻ መሥራት የሚችለው ማን ነው? ቦርዱ ማክሰኞ ምሽት ይሰበሰባል። ማክሰኞ ምሽት የእኛ ሰው የት ነው? ኡበር ላይ ነው፣ ፓርኪንግ ላይ ነው፣ የታመሙ አረጋውያንን ቤት ውስጥ ሲያስታምም ነው፣ ሆቴል ውስጥ ፈረቃ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋትም እንዲሁ። ገበሬውም እዚያ የለም፤ ከፔንሲልቬኒያ ወይም ከቨርጂኒያ ገጠር ለስብሰባ ሦስት ሰዓት መንገድ ነድቶ አይመጣም። ስለዚህ በቦርዱ ላይ የሚቀመጠው ትርፍ ጊዜ ያለው ነው፤ ትርፍ ጊዜ ያለው ደግሞ በአብዛኛው ደሞዙ የተደላደለ፣ ቤቱ የራሱ፣ አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ሰው ነው። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ሥርዓቱ እርሱን ብቻ ስለሚያስገባ ነው። ሥልጣን በነጻ ጉልበት የሚገኝበት ቦታ ላይ፣ ጉልበቱን ሁሉ ለቤት ኪራይ የሸጠ ሰው ድምፁን ከየት ያመጣል?

ውጤቱ በጠረጴዛው ላይ ይታያል። ውሳኔው በአንድ ዓይነት ኩሽና በሚያበስሉ ሰዎች እጅ ሲሆን ገበያው ለዚያ ኩሽና ይሰናዳል። በዚህ አካባቢ በብዙ ሺህ የምንቆጠር ሐበሾች እንኖራለን፤ በጾም ወራት የአትክልት ፍላጎታችን ምን ያህል እንደሆነ የሐበሻ ሱቅ ባለቤቶች ያውቁታል። ጤና አዳምና በሶብላ በሜሪላንድ ሞቃት ወራት በደንብ ይበቅላሉ። የሐበሻ ጎመን ዘር በአሜሪካ የዘር መደብሮች ይሸጣል። አንድ የገበያ አስተባባሪ ለገበሬው በጥር ወር፣ ዘር ከመታዘዙ በፊት፣ "ይህን ያህል መስመር ጎመንና ቃሪያ ብትተክል የሚገዛህ ሕዝብ አለ" ቢለው ገበሬው የማይሰማበት ምክንያት ምንድን ነው? ግን ያን ቃል ለአስተባባሪው የሚነግረው ማን ነው? ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር፣ ወደ መስጊዳችን በር መጥቶ የጠየቀንስ አለ? እኛስ ሳንጠየቅ ሄደን ነግረን እናውቃለን? የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛው ነው። ቀላልም አይደለም፤ ለሠርግና ለለቅሶ የምንሰበሰበውን ያህል፣ በምንኖርበት ከተማ ጉዳይ ላይ አንሰበሰብም።

አስተባባሪ ለመቅጠር ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም ልመልሰው ይገባል። ከሦስት ቦታ ይመጣል ብዬ አምናለሁ። ከገበሬው የቦታ ኪራይ፣ ግን በዝናብ ቀን ምንም ያልሸጠውን ከሸጠው እኩል የማያስከፍል፣ ከሽያጭ በመቶኛ የሚሰላ ቢሆን ይሻላል። ከከተማው አስተዳደር፣ ምክንያቱም ገበያ በዋለበት ቀን አጠገቡ ያለው ካፌና ዳቦ ቤት ይሸጣል፣ ከተማውም ግብር ይሰበስባል። ከለጋሾችም፣ ነገር ግን ለደሞዝ ብለን በግልጽ እየለመንን። ብዙ ቦርዶች ለድንኳንና ለሳንቲም ሣጥን ሲለምኑ አያፍሩም፤ ለሰው ደሞዝ መለመን ግን ያሳፍራቸዋል። ለምን? ድንኳን ከሰው ይበልጣል? ከተማው አንድን የበዓል ሰልፍ በገንዘብ ሲደግፍ፣ ሰባት ወር በየሳምንቱ ሕዝብን የሚያበላ ገበያ ለምን በልመና ይኖራል?

በጎ ፈቃደኛ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ሐብሐብ የሚያወርድ ወጣት፣ አማርኛና ስፓኒሽ እየተረጎመ አዲስ ገዢን ወደ ካርዱ ጠረጴዛ የሚመራ እናት፣ ለልጆች ምግብ እያበሰለ የሚያሳይ አባወራ፣ ሒሳብ በዓመት አንዴ የሚመረምር ባለሙያ፣ እነዚህ ለገበያው ሕይወት ናቸው። ሁሉም ባልተመቻቸው ቀን መቅረት ይችላሉ፤ ገበያውም ይውላል። መቅረት የማይችለው ሰው ግን አንድ አለ። እርሱን በነጻ ማሠራት የማኅበሩን ዕዳ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን ነው፤ ያ ሰው በአብዛኛው ሴት ናት፣ እምቢ ማለትም ይከብዳታል።

እንግዲህ ለመጪው ዓመት በጀት ስትቀመጡ፣ የአስተባባሪው ደሞዝ በሚለው መስመር ላይ የምትጽፉት ቁጥር ስንት ነው? ዜሮ ከሆነ፣ ያንን ሥራ የሚሠራውን ሰው ስም ከጎኑ ጻፉና በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚያውል ራሱን ጠይቁት። ሰዓቱን አንድ የሱቅ ሠራተኛ በሚያገኘው አነስተኛ ክፍያ አባዙት። የሚወጣውን ድምር ለገበሬዎቹም፣ ለከተማው ምክር ቤትም፣ ለለጋሾቹም ታሳያላችሁ?